የጉዳተኛ ጡረታ መቼ ይቋረጣል?
(በሰፈራችን ከደረሰው ነገር በመነሳት የተጻፈ ጥቂት ታሪክ)

በዚህ መጽሔት ላይ አንድ ነገር እንድጽፍ ሰብሳቢያችን ሲጠይቁኝ፣ «እኔ በስድስተኛ ክፍል ትምህርት ምን እጽፋለሁ?» ብዬ ለማምለጥ ሞክሬ ነበር። እሳቸው ግን፣ «34 ዓመት የሰው ፋይል ስታገላብጥ ኖረህ የምትነግረን አጣህ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ከ1976 ዓ.ም. እስከ 2010 ዓ.ም. ድረስ በመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ስሠራ ብዙ ሰው ሲቀጠርም፣ ሲታመምም፣ ጡረታ ሲወጣም በወረቀቱ በኩል አይቻለሁ። ስለዚህ በሰፈራችን ብዙ ወሬ ስለሚወራበት፣ ነገር ግን ጥቂት ሰው ብቻ በትክክል ስለሚያውቀው ጉዳይ ልጻፍ ብዬ ተነሳሁ። ጉዳዩም አንድ ሰው በሕመም ወይም በጉዳት ምክንያት የሚያገኘው ገንዘብ መቼ ሊቋረጥ ይችላል የሚለው ነው።

አባቶቻችን ሲመርቁ «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ይላሉ። ጡረታ የሚለው ቃልም የመጣው ከዚሁ ከመጦር ነው። የመቅበሩን ነገር እኛ በዕድራችን ይዘነዋል። ድንኳኑም፣ ወንበሩም፣ የወር መዋጮውም ለዚሁ ነው። የመጦሩ ነገር ግን በመንግሥት በኩል ስለሆነ «እነሱ ያውቁታል» ብለን እንተወዋለን። ይህ መተው ምን እንዳስከተለ በራሴ ጥፋት ልጀምርና ላስረዳ።

በ2005 ዓ.ም. አንድ ጎረቤታችን፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሹፌር የነበረ፣ በድንገት ግራ ጎኑን ያዘው። ስሙን አልጽፍም፤ የቆያችሁ አባላት ታውቁታላችሁ። 22 ዓመት አገልግሎ ነበር። የሕክምና ቦርድ አይቶት ለሥራው ብቁ አይደለም ስለተባለ በጤና ጉድለት ጡረታ ወጣ። እንደ እግዚአብሔር ፈቃድ ዓመት ሳይሞላው እግሩ መንቀሳቀስ ጀመረ። ከቤቱ እስከ ልደታ ማርያም ቅጽር ድረስ በከዘራ እየተደገፈ መምጣት ቻለ። ሐኪሙም በሳምንት ሁለት ቀን እየመጣ እግሩን እንዲያሠራ፣ ማለትም ፊዚዮቴራፒ የሚሉትን እንዲከታተል አዞት ነበር።

አንድ ቀን ማታ ቤቴ መጣና፣ «ጋሼ፣ አንተ የመንግሥት ወረቀት ታውቃለህ። እንዲህ እየተሻለኝ ከሄደ ጡረታዬን አይቆርጡብኝም?» ሲል ጠየቀኝ። እኔም ሳላጣራ፣ ሕጉንም ሳላይ፣ «ምን ታውቃለህ፣ ሰው አይቶህ ቢናገርስ? ለጊዜው ብዙ አትታይ» አልኩት። ያችን ቃል ዛሬም አልረሳትም። ጎረቤታችን ከዚያን ቀን ጀምሮ ደጅ መውጣት ቀነሰ። ሕክምናውንም «ተሽሎታል ብለው ይጽፉብኛል» ብሎ ተወው። ሦስት ልጆች በዚያ ገንዘብ ነበር የሚበሉት፤ ቢፈራ አይፈረድበትም። የሚፈረደው ሳያውቅ በመከረው ላይ ነው።

አሁን ወደ ታሪኩ ልመለስ። ድሮ በአገራችን ለመንግሥት ያገለገለ ሰው የሚጦረው በመሬት ነበር። ወታደሩም፣ ሹሙም ማደሪያ ይሰጠዋል፣ ከዚያ ይበላል። ከነፃነት በኋላም፣ ከ1933 ዓ.ም. ወዲህ ማለት ነው፣ ለአርበኞችና ለስደተኞች በጋሻ እየተለካ መሬት ይሰጥ ነበር። ይህ ግን ስጦታ ነው እንጂ በሒሳብ የሚጠየቅ መብት አይደለም። የሰጠው እጅ ሊነሳ ይችላል። ደጅ የሚጠናለት ሰው የሌለው ጉዳተኛ ደግሞ ጭራሽ ሳያገኝ ይቀር ነበር።

ወደ ውጭው ዓለም ስናይ፣ ጡረታን በሕግና በመዋጮ የጀመረችው ጀርመን ናት ይባላል። ቢስማርክ የተባለው ጠቅላይ ሚኒስትሯ በነበረበት ጊዜ፣ በፈረንጆች 1884 በሥራ ላይ ለሚደርስ አደጋ፣ በ1889 ደግሞ ለእርጅናና ለጤና ጉድለት ሕግ ወጣ። በዚያ ሕግ የእርጅና ጡረታ የሚገኘው በ70 ዓመት ነበር፤ ሠርቶ መኖር ያልቻለ ጉዳተኛ ግን 70 ዓመት እስኪሞላው መጠበቅ አላስፈለገውም። እርጅናና ጉዳት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው የሚለው ሐሳብ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የተያዘ ነው።

በእኛ አገር በፈረንጆች 1961 ድንጋጌ ቁጥር 46 ወጣ። ቀጥሎም በ1955 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 209 ተተክቶ ለረጅም ዘመን ሲሠራበት ቆየ። ሠራተኛው ከደመወዙ በመቶ 4፣ መሥሪያ ቤቱ ደግሞ በመቶ 6 ያዋጡ ነበር። በዚህም ጡረታ ከስጦታ ወጥቶ መብት ሆነ፤ ባለቤቱ ራሱ ያዋጣው ገንዘብ ነውና። በኋላ በ1995 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 345፣ በ2003 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 714 ወጡ። በ714 መዋጮው ወደ ላይ ወጥቶ በሲቪል በኩል የሠራተኛው በመቶ 7፣ የመሥሪያ ቤቱ በመቶ 11 እንዲደርስ ተደረገ። ይህንም በ2014 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1267 ተክቶታል። ጎረቤታችን በታመመበት ጊዜ የሚሠራበት ግን 714 ነበር።

እንግዲህ ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ሰው ሁሉ «የጉዳተኛ ገንዘብ» እያለ በአንድ ስም ይጠራዋል እንጂ፣ ነገሩ አንድ አይደለም። ቢያንስ ሦስት ዓይነት ነው፤ የሚቋረጥበትም መንገድ በየዓይነቱ ይለያያል።

የመጀመሪያው የጤና ጉድለት ጡረታ አበል ነው። በ714 መሠረት ቢያንስ 10 ዓመት ያገለገለ የመንግሥት ሠራተኛ ለሥራው የሚያስፈልገውን ጤንነት አጥቶ ሲሰናበት የሚያገኘው ነው። ሒሳቡ ከአገልግሎት ጡረታ ጋር አንድ ነው። ለ10 ዓመት አገልግሎት የመጨረሻው ሦስት ዓመት አማካይ ደመወዝ በመቶ 30፤ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት ለሲቪል ሠራተኛ 1.25 በመቶ ይጨመራል፤ ጣሪያው በመቶ 70 ነው። ጎረቤታችን 22 ዓመት ስላገለገለ፣ 30 ላይ የ12 ዓመቱ 15 ተጨምሮ በመቶ 45 ነበር የደረሰው። እኔም በ34 ዓመቴ በመቶ 60 ወጣሁ። 10 ዓመት ያልሞላው ሰው ግን አበል ሳይሆን ዳረጎት፣ ማለትም አንድ ጊዜ ተሰጥቶ የሚያበቃ ገንዘብ ነው የሚያገኘው። ይህን የማያውቁ ሰዎች ዳረጎት ተቀብለው በሚቀጥለው ወር ሲሄዱ «ተቋረጠብን» ብለው ሲያለቅሱ አይቻለሁ። ያልተጀመረ ነገር አይቋረጥም፤ ግን ማን አስረዳቸው?

ሁለተኛው የጉዳት ጡረታ አበል ነው። ይህ በሥራ ላይ ወይም በሥራ ምክንያት ጉዳት ደርሶበት፣ ጉዳቱም ከመቶ 10 የማያንስ ሆኖ፣ ለዘለቄታው መሥራት ስላልቻለ ከሥራ ለተሰናበተ ሰው ነው። በዚህ የአገልግሎት ዘመን አይቆጠርም። ትናንት የተቀጠረም ቢሆን ያገኛል። መጠኑም ጉዳቱ ሲደርስ ይከፈለው ከነበረው ደመወዝ በመቶ 47 ነው። ነገር ግን ሰውየው ሆን ብሎ ራሱን ከጎዳ፣ ግልጽ የሆነ የጥንቃቄ ትእዛዝ ከጣሰ፣ ወይም ሰክሮ ሥራ ገብቶ ከሆነ ከመጀመሪያውኑ የሥራ ጉዳት አይባልለትም።

እነዚህ ሁለቱ በአዋጁ ላይ «ዕድሜ ልኩን» ተብለው የተሰጡ ናቸው። ዕድሜ ልክ ማለት ዕድሜ ልክ ነው። ባለመብቱ በከዘራ ቆመ፣ ቤተ ክርስቲያን ተሳለመ፣ ሐኪም ቤት ተመላለሰ ተብሎ አይቀርም። አያችሁልኝ? ጎረቤታችን የተደበቀው ከሌለ ጠላት ነበር። እርግጥ ነው፣ እንደገና በመንግሥት መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ ደመወዝ ሊቀበል የሚያስብ ሰው ሥራውን ከመያዙ በፊት የጡረታውን መሥሪያ ቤት በጽሑፍ መጠየቅ አለበት። መቀጠርና መዳን ግን አንድ አይደሉም።

ሦስተኛው ዓይነት ግን በእርግጥ የሚቋረጥ ነው። ይኸውም በአሠሪና ሠራተኛ ሕግ የሚከፈለው ነው። የግል ድርጅት ሠራተኞች እስከ 2003 ዓ.ም.፣ አዋጅ ቁጥር 715 እስከ ወጣበት ድረስ፣ በመንግሥት ጡረታ ውስጥ አልነበሩም። በሥራ ላይ ሲጎዱ የሚዳኙት በ1985 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 42፣ በኋላም በ1996 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 377 ነበር። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1156 አለ። በእነዚህ ሕጎች ጊዜያዊ ጉዳት የደረሰበት ሠራተኛ እስከ አንድ ዓመት ድረስ ይከፈለዋል። በ377 ለመጀመሪያው ሦስት ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ለሁለተኛው ሦስት ወር በመቶ 75፣ ለቀሪው ስድስት ወር በመቶ 50 ነው። ክፍያው የሚያበቃው ሐኪም ድኗል ብሎ ሲያረጋግጥ፣ ወይም ሠራተኛው ወደ ዘላቂ የጉዳት ክፍያ ሲተላለፍ፣ ወይም ሥራ ካቆመ 12 ወር ሲሞላው ነው። ከሦስቱ የቀደመው ይወስናል።

ከዚህ ሌላ ለጊዜው የሚታገድበትም አለ። ሠራተኛው ሕክምና ምርመራ እንዲቀርብ ተነግሮት እምቢ ካለ ወይም ችላ ካለ፣ ምርመራውን ካደናቀፈ፣ ወይም መዳኑን ሆን ብሎ የሚያዘገይ ነገር ካደረገ ክፍያው ይታገዳል። ምክንያቱ ሲወገድ ክፍያው እንደገና ይጀመራል። ልብ በሉ፣ በእገዳ ላይ የቆየበት ጊዜ ክፍያ ግን ወደ ኋላ ተመልሶ አይሰጥም።

ይህንንም በሰፈራችን አይተነዋል። በ1997 ዓ.ም. አንዲት እኅታችን በምትሠራበት ፋብሪካ መኪናው ሁለት ጣቶቿን ጎዳባት። አራት ወር ያህል ሲከፈላት ቆየ። ከዚያ ቦርድ እንድትቀርብ ቀጠሮ ሲያዝላት እሷ ጠበል ገብታ ነበር። ጠበሉን የምነቅፍ ሰው አይደለሁም፤ እኔም የዳንኩበት ጊዜ አለ። ነገር ግን ሁለት ቀጠሮ አለፋት፤ ለመሥሪያ ቤቱም የተላከ ወረቀት የለም። ተመልሳ ስትመጣ ክፍያዋ ታግዷል። ቀርባ ከታየች በኋላ ተጀመረላት፣ ያለፉት ሳምንታት ግን ቀሩ። የዚያን ጊዜ አንድ ሰው «እዚህ ቦታ ነኝ፣ ቀጠሮው ይለወጥልኝ» ብሎ አንድ ገጽ ቢጽፍላት ኖሮ ነገሩ ሌላ መልክ በያዘ ነበር። እኛ ጎረቤቶቿ ዳቦና ጧፍ ይዘን ጠበል ድረስ ሄደን ጠይቀናታል፤ ስለ ወረቀቱ ግን የጠየቃት አልነበረም።

የዘላቂ ጉዳት መጠንም በዚህ ሕግ እንደገና ሊታይ ይችላል። የሰውየው ሁኔታ ከባሰ፣ ከተሻለ፣ ወይም መጀመሪያ በስሕተት ተመርምሮ ከሆነ ቦርዱ ደግሞ ያየዋል። በውጤቱም ክፍያው ሊጨመር፣ ሊቀነስ ወይም ሊሰረዝ ይችላል። ስለዚህ ጎረቤታችን የፈራው ነገር በጭራሽ የሌለ አልነበረም። በሌላ ሕግ ውስጥ ያለ ነገር ነበር። እኔ ደግሞ አንዱን ከሌላው ሳልለይ ነው የመከርኩት። የፋብሪካዋ እኅታችን ታሪክ በጆሮዬ ስለነበረ፣ የሁሉም ነገር እንደዚያ መሰለኝ።

ስለ ወታደሮቻችንም ሳላነሳ ብቀር ቅር ይለኛል። በደርግ ዘመን በጦርነት አካላቸውን ላጡ ወታደሮች ደብረ ዘይት ላይ ጀግኖች አምባ የሚባል ማዕከል ነበር። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥና ሠራዊቱ ሲበተን፣ የቀድሞ ሠራዊት አባላትና የጦር ጉዳተኞች ማቋቋሚያ ኮሚሽን የሚባል ተቋቋመ። የተመዘገበው ወታደር ከአራት መቶ ሺህ በላይ ነበር። በዚያ ወቅት ከጦር ኃይሎች ጀምሮ እስከ ሜክሲኮ ድረስ በክራንች የሚሄደውን ወጣት ብዛት የቆያችሁ ታስታውሳላችሁ። ጉዳተኛው ያን ጊዜ የጨነቀው ስለ ሕጉ አንቀጽ አልነበረም፤ ሰጪው ሲፈርስ ተቀባዩ የት ይሂድ የሚል ነበር። ፋይሉን በእጁ የያዘ ሰው ቢያንስ የሚያሳየው ነገር ነበረው።

ብዙዎቻችን በአሜሪካ ልጅ ወይም ዘመድ ስላለን ስለዚያም ትንሽ ልበል። በፈረንጆች ከ1981 ጀምሮ የአሜሪካ መንግሥት የጉዳተኞችን ፋይል በጅምላ እያየ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችን ከክፍያ አስወጣ። ብዙ ጩኸትና ክርክር ከሆነ በኋላ በ1984 ምክር ቤታቸው ሕግ አወጣ። በዚህ ሕግ ሰውየው በጤናው መሻሻሉ በማስረጃ ካልታየ በቀር ክፍያው እንዲሁ አይቆረጥም ተባለ። ከዚያ በተረፈ ኤስ ኤስ አይ የሚባለውን የችግረኞች ድጋፍ የሚቀበሉ እናቶች ለልቅሶ ወይም ለተዝካር መጥተው ከአሜሪካ ውጭ 30 ቀን ከቆዩ ክፍያቸው ይቆማል። ተመልሰውም ሌላ 30 ቀን እዚያ መቆየት አለባቸው። እንግዳችንን «ትንሽ ቆይ እንጂ፣ ምን አስቸኮለሽ» ከማለታችን በፊት ይህንን መጠየቅ ደግ ነው።

አሁን ከመዝገብ ቤት ልምዴ አንድ ነገር ልጨምር። እኔ እንዳየሁት ከሆነ ጡረታ ከሕጉ ይልቅ በወረቀት ጉድለት ይንጓተታል። አንዱ የስም ነገር ነው። በቅጥር ፎርሙ ላይ «ኃይሉ» ተብሎ፣ በመታወቂያው ላይ «ሃይሉ»፣ በባንክ ደብተሩ ላይ ደግሞ የአያቱ ስም ተለውጦ ይገኛል። ሌላው በሕይወት መኖርን ማረጋገጥ ነው። ባለመብቱ ቅረብ ሲባል መቅረብ፣ አልጋ ላይ ከሆነም ቤተሰቡ ይህንኑ ማስታወቅ አለበት። ሦስተኛው ደግሞ ሞት ነው። አበሉ ከሟቹ ጋር ያበቃል። ከዚያ በኋላ በሟች ስም ማውጣት ዕዳ ነው፣ ያስጠይቃል። በምትኩ ግን ተተኪዎች የራሳቸው መብት አላቸው፤ በ714 ለባል ወይም ለሚስት የሟቹ አበል በመቶ 50፣ ለእያንዳንዱ ልጅ በመቶ 20 ነው። ይህም በራሱ አይመጣም፣ ማመልከት ያስፈልጋል። ሳይጠየቅ ለረጅም ጊዜ የቆየ ውዝፍም በይርጋ ሊታገድ ይችላል።

ተቋረጠ የተባለ ሰውስ ምን ያድርግ? በቃል የተነገረውን ይዞ ቤቱ አይግባ። ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጠኝ ይበል። ቀኑ የተጻፈበትን ደብዳቤ ይያዝ። በውሳኔው ካልተስማማ የማኅበራዊ ዋስትና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ አለ። ጉባኤው በፍሬ ነገር የሰጠው ውሳኔ የመጨረሻ ነው፤ የሕግ ስሕተት ካለ ግን ወደ ፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያስኬዳል። ይግባኝ የቀን ገደብ ስላለው ደብዳቤው በደረሰ ሳምንት መንቀሳቀስ ነው። እኛ ልደታዎች ፍርድ ቤት ደጃችን እያለ፣ ከፍርድ ቤት እንደ እሳት እንሸሻለን።

የጎረቤታችንን ነገር ልጨርስ። በ2010 ዓ.ም. የራሴን ጡረታ ሳስጨርስ አዋጁን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩት። «ዕድሜ ልኩን» የምትለው ቃል ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። በዚያው ቀን ማታ ቤቱ ሄጄ ነገርኩት። ጉልበቱ ያን ጊዜ ደርቆ ነበር። ሐኪሙም በጊዜው ቢሠራበት ይሻል ነበር ብሏል። እሱ ግን አልተቆጣኝም። «ጋሼ፣ አንተም ለእኔ ብለህ ነው» አለኝና ለባለቤቱ ቡና እንድታፈላ ነገራት። በ2012 ዓ.ም. ዐረፈ። ዕድራችን በሥርዓቱ ቀበረው፤ እኔም ከድንኳን ተካዮቹ ጋር ነበርኩ። ከሠልስቱ በኋላ የባለቤቱንና የመጨረሻ ልጁን የተተኪ ማመልከቻ ጻፍኩ። ይህን ማድረጌ የቀደመውን አይክስም።

ስለዚህ ለጠቅላላ ጉባኤያችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። የሰፈራችን ቤት በመልሶ ማልማት ሲፈርስ ግማሻችን ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ ሌላው ጀሞና ሌላም ቦታ ተበትነናል፤ ቢሆንም መዋጮ ለመክፈል በወር አንድ ጊዜ እንገናኛለን። በዚያች ቀን ከገንዘብ ያዡ ጠረጴዛ አጠገብ አንድ ወንበር ይቀመጥ። በጤና ጉድለት ወይም በጉዳት የሚጦር አባል፣ ወይም ቦርድ ቀጠሮ ያለው፣ ወይም ደብዳቤ የደረሰው ሁሉ ወረቀቱን ይዞ ይምጣ። የትኛው ዓይነት እንደሆነ፣ በየትኛው አዋጅ እንደተሰጠ፣ ቀጠሮው መቼ እንደሆነ በመዝገብ እንጽፍለታለን። ያልገባንን ደግሞ «አናውቅም፣ እንጠይቅ» እንላለን እንጂ ከኪሳችን አንመልስም። ወንበሩ ላይ ለመቀመጥ፣ ዐይኔ እስከሠራልኝ ድረስ፣ እኔ ፈቃደኛ ነኝ።

ጧሪውንም ቀባሪውንም አያሳጣን። አሜን።